በወይራ የታጠኑ ጀሪካኖች

አምበር ከተማ ውስጥ ዕቃ የሸተተበት ሰው የሚሄደው ወደ ዘቢደር ነበር። ጋኑ የኮመጠጠበት፣ የወተት ቅሉ የሻገተበት፣ ለድግስ ያዋሰው እንስራ የሰው ቤት ሽታ ይዞ የተመለሰበት ሁሉ ተሸክሞ ይመጣል። እሷ አፍንጫዋን ዕቃው ውስጥ አስገብታ ትንሽ ታስብና "ነገ ውሰዱት" ትላለች። ከዚያ በግራዋ ቅጠል ትፈትገዋለች፣ በሙቅ ውሃ ደጋግማ ታለቀልቀዋለች፣ መጨረሻ ላይ ደረቅ ወይራ በገል አጭሳ ዕቃውን ትደፋበታለች። በማግሥቱ ባለቤቱ አፍንጫውን ሲያስገባ ከወይራ በቀር ምንም አያገኝም። እኔ ሰውን በቀላሉ የማመሰግን ሴት አይደለሁም፣ ባሌ ይመስክር። በዕቃ አጠባ ግን ዘቢደርን የሚያህል አላየሁም።

ጎረቤቷ ነኝ። መኪና መቆሚያው አጠገብ ዳቦ ጋግሬ እሸጣለሁ። በዕድሜ ስለምበልጣት "እታለም" ትለኛለች። ምስጢሯን ሁሉ የምታመጣው ለእኔ ነው፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ከቁጣ በቀር የማተርፍላት ነገር የለም።

ጀሪካኑ የመጣው በባሏ በሙሉቀን በኩል ነው። ሙሉቀን ስንዴና ጤፍ የሚያርስ ገበሬ ነው። እንደ ዘመኑ ገበሬ ሁሉ አረም በእጅ መንቀሉን ትቶ ክረምት ላይ መድኃኒት ይረጫል። መድኃኒቱ የሚመጣበት ጀሪካን ደግሞ ሲያዩት ያሳሳል፤ ነጭ፣ ወፍራም፣ ክዳኑ ግጥም የሚል። አንድ ቀን ባዶውን ይዞ ገባና "ይኼ ይጣል?" አላት። ደህና ዕቃ መጣል ለዘቢደር ነውር ነው። አፍንጫዋን አስገባች፤ አስነጠሳት፤ ሳቀች። "ይኼንንማ ካላሸነፍሁት ዘቢደር አይደለሁም" አለች።

አሸነፈችው፤ ወይም ያሸነፈችው መሰላት። ፕላስቲክ እንደ ሸክላ ፍም ላይ አይደፋም፤ ስለዚህ ብልሃት ፈጠረች። የተሰበረ እንስራ አንገት ፍሙ ላይ አቆመችና የጀሪካኑን አፍ በእሱ ላይ ደፋች። ጢሱ በአንገቱ እየተመዘዘ ገባ። ጀሪካኑ ሞቅ ብሎ፣ ለስለስ ብሎ፣ ወይራ ወይራ እየሸተተ ወጣ። ጎረቤት አየና ወደደው። ከዚያማ ገበሬው ሁሉ የመድኃኒቱን ባዶ ጀሪካን ወደ እሷ ማምጣት ሆነ ሥራው፤ ለውሃ፣ ለጠላ፣ ለእርጎ፣ ለአረቄ። ሙሽሮች ጎጆ ሲወጡ የዘቢደር ጀሪካን ይሰጣቸው ጀመር። እኔም ወስጃለሁ። የዳቦዬን ሊጥ የማቦካው በዚያ ጀሪካን ውሃ ነበር።

ትንሹንና ከሁሉ የተመረጠውን ግን ለልጇ ለማርያማዊት አስቀረችው። ማርያማዊት ሰባት ዓመቷ ነው፤ አንደኛ ክፍል ገብታለች። ለእናቷ አንድ ናት። ውሃ በሌላ ዕቃ ሲሰጧት ፊቷን ታዞርና "የወይራውን!" ትላለች። ትምህርት ቤት የምትወስደው ውሃም፣ ወተቷም ከዚያው ነበር። ያንን ጀሪካን እናቷ በየሳምንቱ እየደጋገመች ታጥነዋለች።

መስቀል ባለፈ ሰሞን፣ ቅዳሜ ቀን፣ ለእሑድ ቅዳሴ ገላዋን ስታጥባት ነው ነገሩ የተጀመረው። ደረቷን አሸት ስታደርጋት ልጅቷ "አመመኝ!" ብላ ጮኸች። ዘቢደር ወድቃ የተመታች መስሏት ዳበሰቻት። ከግራ ጡቷ ሥር የሽምብራ ፍሬ የሚያህል ጠጣር ነገር አገኘች። እጇን ከሳሙናው እንኳ ሳትለቃለቅ እየሮጠች እኔ ዘንድ መጣች።

"እታለም፣ ነቀርሳ ነው መሰለኝ" አለችኝ። ከንፈሯ አመድ መስሏል።

ሄጄ ዳበስኋት። ሴቶች ልጆች ስላሳደግሁ ጣቴ ነገሩን አወቀው። ነቀርሳ አልነበረም።

"ጡት ነው" አልኋት።

"የምን ጡት? በሰባት ዓመቷ?"

"ሊወጣ የጀመረ ጡት ነው፣ ዘቢደር። እኔ ምን ላድርግ?"

ማርያማዊት ሁለታችንንም እያፈራረቀች ታየናለች። የፊት ጥርሷ ወልቆ ገና አልበቀለም። ፈራሁ፤ እውነቱን ልናገር፣ ከነቀርሳው ይልቅ ይኼኛው አስፈራኝ። ነቀርሳ ቢሆን ስም አለው። ይኼንን ግን ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም ነበር።

ቀኙም ተከተለ። ከዚያ ላቧ ተለወጠ። ይኼንን ከእናቷ በቀር ማንም አይለየውም ነበር፤ ዘቢደር ግን ሽታ አታልፋትም። "ልጄ የልጅ ሽታ የላትም፣ እታለም። ትልቅ ሰው ትሸታለች" አለችኝና እዚያው ዳቦ መሸጫዬ ውስጥ አለቀሰች። ልጅቷን ሰፊ ቀሚስ አለበሰቻት፤ ገመድ መዝለል ከለከለቻት፤ ትምህርት ቤት ራሷ እያደረሰች ራሷ ትመልሳታለች። ልጆቹ ግን ዓይናቸው አይሰንፍም። "ሴትዮዋ" የሚል ስም አወጡላት። አንድ ቀን ማርያማዊት ዳቦ ልትገዛ መጥታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ። "እማማ፣ ቶሎ ቶሎ እያደግሁ አሮጊት ልሆን ነው? ከዚያ ልሞት ነው?" አለችኝ። ዳቦውን ሰጥቼ "ሂጅ፣ ምን ይቀባጥርሻል!" ብዬ አባረርኋት።

ባሰ እንጂ አልተሻለም። የሙሉቀን እናት እማማ ያለምወርቅ ልጅቷን ሊያዩ መጡ። አቅፈው ሲስሟት አወቁ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ዘመናቸው ነው። እሳቸውም የወተት ጥርሳቸው ሳይረግፍ ነው የተዳሩት። ማታ እራት ላይ ልጃቸውን "ይቺ ልጅ እኮ ደርሳለች። ሰው አይቶ ስሟን ሳያነሳ፣ ከደህና ቤት ቃል እናስገባላት" አሉት።

"ምን አሉ እርስዎ?" አለች ዘቢደር። "ጥርሷ እኮ ገና አልበቀለም!"

"ዳሪያት አልሁ እንዴ? ቃል ይያዝላት ነው ያልሁ።"

ሕጉን ሁሉም ያውቀዋል፤ ትምህርት ቤቱም፣ ቀበሌውም ይናገራል። ዘቢደርን ያስደነገጣት ግን የአሮጊቷ ቃል አልነበረም። ሙሉቀን እንጀራውን ቆርሶ ዝም ማለቱ ነው። "ዝም አለ፣ እታለም። እያሰበበት ነበር" አለችኝ በማግሥቱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሏን በጎን እያየች ከልጇ ጋር መተኛት ጀመረች።

ዘቢደር ዲማ ጸበል ድረስ ይዛት ሄደች። ልጅቷን አስጠመቀቻት፤ ጸለየችላት፤ የተረፈውን ጸበል በትንሹ ጀሪካን ሞልታ ይዛ ተመለሰች። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዷ ከዚያው ትሰጣታለች። አሁን ያንን ሳስብ ሰውነቴ ይቀዘቅዛል። ያኔ ግን እኔም አጠገቧ ቆሜ አሜን ስል ነበር።

በመጨረሻ የተቆጣሁት እኔ ነኝ። "ጸበሉንም ጠጭ፣ ሐኪሙንም እይ፤ እግዜር ሁለቱን አላጣላቸው!" ብዬ እናትና ልጅን ሚኒባስ ላይ ጭኜ ማርቆስ ሆስፒታል ወሰድኋቸው።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። እጇን አሙቃ ልጅቷን ዳበሰቻት፤ ቁመቷን ለካች፤ ደም አስወሰደች፤ እጇን ራጅ አስነሣቻት። ከዚያ ልጅቷን ውጭ ነርሷ ዘንድ አስቀምጣ ወደ እኛ ዞረች።

"ዕድሜዋ ሳይደርስ መጎርመስ ጀምራለች" አለች። "አንዳንዴ እንዲሁ ይመጣል። አንዳንዴ ራስ ውስጥ ወይም ማሕፀን አካባቢ ዕጢ ይኖራል። አንዳንዴ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ነገር አለ። የሚቀባ ቅባት ትቀቢያታለሽ? የሚዋጥ ነገር አለ?"

"ቅቤ ብቻ" አለች ዘቢደር።

"አባቷ ምን ይሠራል?"

"ገበሬ ነው።"

"መድኃኒት ይረጫል? ልብሱን የት ያወልቃል?"

"እቤት ነዋ! የት ያውልቅ?"

"ውሃ በምን ነው የምትጠጣው?"

እዚህ ላይ ዘቢደር ቀና አለች። ከጭንቀቷ ሁሉ መካከል ይኼ ጥያቄ ብቻ የምትኮራበት ነበር። "በንጹሕ ጀሪካን ነው፣ ዶክተር። እኔው ራሴ አጥቤ፣ በወይራ ያጠንሁት። ከተማው ሁሉ የሚጠጣው እኔ ባጠንሁት ነው።"

"በፊት ምን ነበረበት?"

"የአረም መድኃኒት። ግን ሽታው የለም፤ አንድ ጠብታ ሽታ የለውም።"

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። ግንባሯን በጣቷ ያዝ አደረገች። እኔ የዘቢደርን እጅ ያዝሁ፤ ለምን እንደያዝሁት ገና አላወቅሁም ነበር።

"እይ፣ እናት" አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ። "ሰውነታችን ውስጥ መልእክተኞች አሉ፤ ሆርሞን እንላቸዋለን። 'አሁን እደጊ፣ አሁን ቆይ' እያሉ የሚያዙት እነሱ ናቸው። አንዳንድ ኬሚካል እነሱን መስሎ ይገባል። የማታውቂው ሰው ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ 'እናትሽ ልካኝ ነው' ብሎ ልጅሽን ይዟት እንደሚሄድ ማለት ነው። ሰውነቷ አምኖ ይከተለዋል።"

"ግን አጥቤዋለሁ። አጥኜዋለሁ!"

"ጢሱ ሽታውን ሸፈነው እንጂ አላወጣውም። ፕላስቲክ መድኃኒቱን ይመጠዋል። ስታሞቂው መልሶ ይለቀዋል፤ ከራሱም የሚለቀው አለ። በዚህ ነው ብዬ ልምልልሽ ግን አልችልም። እዚህ ያንን የምለካበት መሣሪያ የለኝም። የአባቷ ልብስ ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። ጀሪካኑን ዛሬውኑ አቁሚ፤ ውሃዋ በሸክላ ወይም በብረት ዕቃ ይሁን። ትኩስ ምግብ በፌስታልና በፕላስቲክ አታድርጊ። አባቷ ልብሱን ውጭ ያውልቅ፤ ለብቻው ይታጠብ። ዐቢይ ጾም ሳይገባ መልሰሽ አምጫት።"

"ካልቆመስ?"

"ካልቆመ ባሕር ዳር ሄዳ ጭንቅላቷን በመሣሪያ መታየት አለባት። የወር አበባዋም ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። ያኔ ቁመቷም ቶሎ ይቆማል።"

ሚኒባስ ውስጥ ማርያማዊት በመስኮት እያየች ዘፈነች። ዘቢደር ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች። አምበር ስንደርስ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችና "ለማንም አትንገሪ" አለችኝ።

ቤቴ ገባሁ። ጀሪካኖቼ በር ሥር ተደርድረው ቆመዋል። ጠምቶኝ ነበር፤ መጠጣት አቃተኝ። ውሃውን ጓሮ ልደፋው ብዬ ጎመኑን አየሁና እሱም ላይ መድፋት ፈራሁ። ስንቱን ሊጥ አቡክቼበታለሁ? ስንቱ ተማሪ፣ ስንቱ እርጉዝ በልቶልኛል? በዚያ ሳምንት ሆዴን በቆረጠኝ ቁጥር፣ ጡቴ በከበደኝ ቁጥር፣ "መጣ" እል ነበር። የማይታይ፣ የማይሸት፣ የማይጣፍጥ የማይመርም ጠላት እንዲህ ያደርጋል፤ ከራስ ሰውነት ጋር ያጣላል።

ዘቢደር ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ ፈጸመች። ትንሹን ጀሪካን በገጀራ ሰነጠቀችው። ሙሉቀን ልብሱን ጓሮ ማውለቅ ጀመረ፤ የሐኪሟን ቃል ሲሰማ "ሕመም ነው እንዴ?" ብሎ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ፤ እናቱንም ያን ወሬ ዳግም እንዳያነሡ ነገራቸው። ለልጅቷ አዲስ እንስራ ተገዛ። ዕቃ ማጠኑንም አቆመች። ሰው ሲመጣ "እጄን አሞኛል" ትላለች። ለምን እንደተወችው ግን ለማንም አልተናገረችም።

"ንገሪያቸው" አልኋት።

"ምን ብዬ?"

"ጀሪካኑን ጣሉ ብለሽ ነዋ!"

"ዶክተሯ እንኳ አላወቀችውም፣ እታለም። ሌላም ሊሆን ይችላል አላለችም? ዝም ብዬ ከተማውን ላሸብር? መርዝ አጠጣችን ይሉኛል። በምን አወቅሽ ሲሉኝስ ምን ልበል? የልጄን ደረት ላሳያቸው?"

የልጅቷ ስም ከተነሣ እንደ እማማ ያለምወርቅ የሚያስብ ሌላም ብዙ አለ። እኔም ዝም አልሁ፤ ግን ባየኋት ቁጥር እቆጣለሁ።

በጥር፣ እኔ ቤቷ ተቀምጬ ሳለ፣ ታናሽ እህቷ ሥራነሽ መጣች። ካገባች ወዲህ ልጅ ሳታገኝ ቆይታ ገና ማርገዟ ነው፤ ሆዷ ወጣ ብሎ፣ ፊቷ በርቶ ነበር። በእጇ ለሠርጓ ዘቢደር የሰጠቻትን ጀሪካን ይዛለች።

"ሽታው ጠፋብኝ። ወይራ ካልሸተተኝ ውሃ አልጠጣ ብያለሁ፤ ያስታውከኛል" አለች እየሳቀች። "አንድ ጊዜ ብቻ አጥኚልኝ፣ በሞቴ።"

ዘቢደርን አየኋት። አሁን ትናገራለች አልሁ። "እጄን አሞኛል" አለች።

"እንግዲያስ እኔው አጥነዋለሁ። እንዴት እንደምታደርጊው አይቻለሁ እኮ" አለችና ጀሪካኗን አንሥታ ሄደች። እኔም ተነሣሁ። "ዘቢደር፣ እህትሽ ናት" አልኋት። ፊቷን ወደ ጓዳ አዞረች። ከዚያ ቀን በኋላ ለጥቂት ጊዜ ተኳረፍን።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ኩርፊያዬን ትቼ አብሬያት ማርቆስ ሄድሁ። መንገዱን ሁሉ ልጇን አቅፋ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ትጸልያለች። ሐኪሟ ማርያማዊትን አስተኝታ ዳበሰቻት። አንዴ ግራውን፣ አንዴ ቀኙን፣ እንደገና ግራውን። ረጅም ጊዜ የወሰደች መሰለኝ። ከዚያ ፈገግ አለች።

"ሟሟ" አለች። "ግራው ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ቀኙ ትንሽ ቀርቶታል። ቁመቷም መሮጡን ትቷል። እስከ ክረምት እንከታተላታለን እንጂ፣ አሁን ባሕር ዳር የሚያስኬዳት ነገር አላይም። እንኳን ደስ አለሽ።"

እኔ እልል ልል አፌን ከፈትሁ። ዘቢደር ግን ግድግዳውን ተደገፈች። ፊቷ ላይ ደስታ ነበር፤ አየሁት፤ ወዲያው ደግሞ ሌላ ነገር መጥቶ ዋጠው።

"ሌላም ሊሆን ይችላል ብለሽኝ ነበር" አለች ለሐኪሟ።

"አሁንም ይችላል። በራሱ የሚመለስ አለ። ግን የከለከልሁሽን ከተውሽ በኋላ ነው የተመለሰላት፤ እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን ወደዚያ ዕቃ አልመለስም።"

ያኔ ገባኝ። እነዚያን ወራት ሁሉ ዘቢደር የተደበቀችው ባለማወቅ ውስጥ ነበር። አንዲት ልጇ እንድትድን ሌት ተቀን ለምናለች፤ ልጇም ዳነች። የልጇ መዳን ግን ሐኪሟ ያልማለችውን መሐላ ማለላት። አሁን አላውቅም የምትልበት ቦታ አልቀራትም።

ስንመለስ ከመንገዱ ዳር ያለውን በር ሁሉ እንደ አዲስ አየሁት። ሴቶች ከቦኖ ውሃ ቀድተው ይመለሳሉ፤ ነጭ ጀሪካን በጀርባቸው። ጠላ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነጭ ጀሪካን። አንዲት እናት ልጇን ከነጭ ጀሪካን በጣሳ እየቀዳች ታጠጣለች። ዘቢደር በመስኮት አንድ በአንድ ታያቸዋለች። የትኛው የእሷ እጅ ሥራ እንደሆነ ከሩቅ ታውቀዋለች።

ሙሉቀን መኪና መቆሚያው ላይ ጠበቀን። በስልክ ነግረነው ስለነበር ልጁን ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ አስቀመጣትና እየሮጠ ወሰዳት። ዘቢደር አልተከተለችውም። "እታለም፣ አብረሽኝ ነይ" አለች። "ብቻዬን አልችልም፤ እፈራለሁ።"

ወሬው ቀድሞን ሥራነሽ ቤት ደርሷል። ሥራነሽ በር ላይ ሆና ስታየን እልልታዋን አቀለጠችው፤ ገፋ ያለ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ሌላውን ዘርግታ መጣች።

"ዳነች አሉኝ! እውነት ነው?"

"እውነት ነው። ዳነች" አለች ዘቢደር።

"ታዲያ ምነው? ሰው ልጁ ዳነችለት ብሎ እንዲህ ያለቅሳል?"

"ዳነች፣ ሥራነሽ። የመጣሁት ለዚያ ነው። ነይ፣ ቁጭ በይ፤ ስለ ጀሪካኑ የምነግርሽ አለ።"